ባልዘነበ ዝናብ የተዘጋው የላቲን ውድድር

ለክቡር ዶክተር ጋውዴንዚዮ ማርኬታኖ
የሮካሎንጋ ከተማ ከንቲባ
በጽሕፈት ቤታቸው

ግልባጭ፦ በዳቦ ቤቱ መስኮት ፊት ቆሞ ለሚያነብ የከተማው ሰው ሁሉ

ክቡር ከንቲባ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እየጠየቅሁ፣ በተለይ የአንገትዎ ነገር እጅግ ስለሚያሳስበኝ፣ ሰማይ ሰማዩን ሲያይ የሚውል ሰው አንገቱን ያመዋል ሲሉም ስለሰማሁ፣ ፈጣሪ ለአንገትዎ ብርታትን፣ ለዓይንዎ ጥራትን፣ ለቤተሰብዎም ደኅንነትን አብዝቶ እንዲሰጥልኝ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ከጠየቁ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ማለት ለምጄ ነው።

እኔ ከአደባባዩ በላይ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላቲንና ጥንታዊ ግሪክ የማስተምረው ኦርቴንሲያ ዲ ያኮቮ ነኝ። ታላቅ ወንድምዎን አስተምሬያለሁ፤ እርስዎን ለማስተማር ግን አልታደልሁም፣ እርስዎ ገና በልጅነትዎ አርቀው አስተውለው ሒሳብ አያያዝ ትምህርት ቤት ገብተዋልና። ይህን ደብዳቤ በግል ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ ትእዛዞችዎን ለሁላችንም በአደባባይ እንደሚያሰሙን ሁሉ፣ እኔም ምስጋናዬን በአደባባይ ማሰማት ጨዋነት መስሎ ታየኝ።

ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ በየዓመቱ በኅዳር ወር አንድ ሐሙስ የላቲን ውድድር ቀን እናደርጋለን። በተራራው ዙሪያ ካሉ ከተሞች ልጆች በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ጡብ የሚያህል መዝገበ ቃላት በደረታቸው አቅፈው ይገባሉ፤ በታሸገ ፖስታ የተዘጋጀላቸውን አንድ ገጽ የላቲን ጽሑፍ ሲተረጉሙ ያረፍዳሉ፤ ከሰዓት ደግሞ ስለ አማልክቱና ስለ ጥንቱ ዘመን እየተጠያየቁ ይፎካከራሉ። በዚያው ቀን የመካከለኛ ደረጃ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር መጥተው ያያሉ፤ የወደደው በጥር ይመዘገብልናል። የእርስዎ ትንሿ ልጅ ፊያሜታም እመጣለሁ ብላ ነበር።

ዘንድሮ ግን ቀኑ እንደ ወትሮው አልነበረም። የክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ የላቲን ክፍላችን ተማሪ እየሳሳበት ስለሄደ ከሚመጣው መስከረም ጀምሮ ሊዘጋው እንዳሰበ አስታወቀን፤ እኔም ቢሮው ድረስ ወርጄ፣ ደጅ ጠንቼ፣ "ኧረ እባካችሁ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ቀን መጥታችሁ በዓይናችሁ እዩን" ብዬ ለምኜ፣ ወይዘሮ ቴክላ የተባሉ ተቆጣጣሪ በውድድሩ ቀን መጥተው፣ አይተው እንዲወስኑ ተስማማን። ይህን እርስዎም ያውቁ ነበር። በከተማችን ጠባቂ ቅዱስ በዓል ዕለት፣ ሰዉ ሁሉ የአሳማ ጥብስ በዳቦ ይዞ በቆመበት፣ እጄን ጥብቅ አድርገው ጨብጠው፣ "መምህር፣ እኔ ቆሜ ይቺ ክፍል አትዘጋም!" አሉኝ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔም ሞኟ አጨበጨብሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን እንዳይምታታብኝ በቁጥር በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. በዋዜማው ምሽት ስላወጡት ትእዛዝ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ሾርባዬን ገና አንድ ማንኪያ ሳልቀምስ ስልኬ ጮኸ፤ ሳየው ነገ ከባድ ዝናብና ነጎድጓድ ስለሚጠበቅ በከተማው ያሉ ትምህርት ቤቶች በሙሉ፣ መካነ መቃብሩና የሕዝብ መናፈሻው ተዘግተው እንዲውሉ ማዘዝዎን ይነግረኛል። ለመካነ መቃብሩ ማሰብዎ በተለይ ልቤን ነካው፤ ሙታኖቻችን ጉንፋን ቢይዛቸው ማን ያስታምማቸው ነበር? ከትምህርት ሚኒስቴር አንስቶ እስከ ተራራው ካህን ድረስ ብዙ አለቆች አይቻለሁ፤ ለሞተ ሰው እንዲህ የሚጨነቅ አላየሁም።

እርግጥ ነው፣ ልጆቻችን ደመና ባዩ ቁጥር ከእርስዎ የኢንተርኔት ገጽ ሥር ተሰልፈው "ከንቲባችን፣ የኛ ጌታ፣ አንድ ቀን ብቻ ይዝጉልን!" እያሉ እንደሚለምኑዎ አውቃለሁ፤ የፈተና ዋዜማ ሲሆን ደግሞ ልመናው ወደ ጸሎት ይጠጋል። በማግሥቱ የሒሳብ ፈተና ነበረባቸው። ከለማኞቹ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ከንቲባ ማለት እንደርስዎ ነው፣ ዕድሜ ይስጥልን!" ብሎ የጻፈው የእኔው ክፍል ተማሪ፣ በማግሥቱ ሊወዳደር የተመረጠው ቫሌሪያኖ ነበር። ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ደውሎልኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ውይ መምህር! ውድድሩም ያው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው እንዴ?" አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስሁለት እዚህ መጻፍ አይገባኝም።

ከዚያ ሁሉ ልመና መሐል አንዲት ልጅ ብቻ ሌላ ነገር ጻፈች። የሥጋ ነጋዴው የሲኞር ሮኮ ልጅ ዶሚቲላ፣ "ክቡር ከንቲባ፣ እባክዎ አይዝጉ፤ ነገ የላቲን ውድድር አለብን፤ ካልተደረገ ክፍላችን ይዘጋል" አለች። እርስዎም የሚስቅ ፊት ላኩላት። ጊዜዎ እንዲያ ተጣቦ ሳለ ለአንዲት ልጅ መልስ ለመስጠት መድከምዎ የሚደነቅ ነው።

፪ኛ. ስለ ማለዳው አመሰግናለሁ። እንዲያ ያለ ማለዳ በኅዳር ወር አይቼ አላውቅም፤ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ የትምህርት ቤቱን በር ፏ አድርጋ፣ የአደባባዩ ድመቶች ሆዳቸውን ገልብጠው ተኝተው ነበር። የሌሎቹ ከተሞች ከንቲባዎች የእርስዎን ያህል ሰማይ የማንበብ ተሰጥኦ ስለሌላቸው ምንም አልዘጉምና፣ አውቶቡሶቹ በሰዓታቸው መጥተው ልጆቹን አራገፏቸው። ልጆቹ መዝገበ ቃላታቸውን አቅፈው በተቆለፈ በር ፊት ቆሙ።

ቁልፉ ከጥበቃው ከሲኞር ኤልፒዲዮ ጋር ነው። ኤልፒዲዮ ደግ ሰው ነው፣ ልጆቹን እንደ ልጆቹ ነው የሚያያቸው፤ የዚያን ዕለት ግን በሩን ተደግፎ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እያንኳኳ፣ "መምህር፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ እኔን አይጨቅጭቁኝ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ፈቃዱ ግን እሳቸው ጋ ነው" አለኝ። ሰማዩን ባሳየው፣ "እሱስ ጠርቷል፤ ትእዛዙ ግን ይዘንባል ይላል፤ እኔ ማንን ልመን?" አለ። ወደ መጨረሻ ላይ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ቢሆንም አልከፈተም።

፫ኛ. ስለ ሕግ አስከባሪዎ አመሰግናለሁ። በሩ አልከፈት ሲለን ልጆቹን በአደባባዩ ምንጭ ደረጃ ላይ አስቀምጬ፣ "ጉልበታችሁ ጠረጴዛችሁ ነው፣ እንጀምራለን" ብዬ ፖስታውን ልቀድ ስል የከተማው ፖሊስ ኔሬዮ መጣ። ኔሬዮን አስተምሬዋለሁ፤ በላቲን ወድቆብኛል፤ እስከ ዛሬም የረሳልኝ አይመስለኝም። "መምህር፣ በአደጋ ማስጠንቀቂያ ቀን ሰው ተሰብስቦ ሜዳ ላይ አይቀመጥም" አለኝ። ያ ዕለት ደግሞ የገበያ ቀን ነው፤ ከጀርባው ግማሹ የተራራው ሕዝብ ሽንኩርትና የሱፍ ካልሲ ሲሸምት አያለሁ። "እነዚያስ?" አልሁት። ዞር ብሎ አየና፣ "እነሱ አልተሰበሰቡም፣ እየገዙ ነው" አለኝ። "እንግዲያው ልጆቹ ሽንኩርት ይግዙና ይቀመጡ?" ስለው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት፣ "ኧረ መምህር፣ እንጀራዬን አያሳጡኝ፤ አንድ ጠብታ ቢወርድ እኮ እኔን ነው የሚሰቅሉኝ" አለ። እንግዲህ ምን ልበለው? የልጆች አባት ነው።

ወይዘሮ ቴክላ የደረሱት በዚህ መሐል ነው። ባለተረከዝ ጫማ አድርገው፣ ቦርሳቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ዳገታችንን ወጥተው ሲደርሱ፣ ያዩት የተቆለፈ በር፣ የሚያለቅስ ጥበቃ፣ የሚስቅ ፖሊስና በድንጋይ ላይ የተቀመጡ ልጆች ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን ሰዓታቸውን አዩ። ስንት ወር ደጅ የጠናሁበት ነገር ዓይኔ እያየ ከእጄ ሊወጣ ነው፤ ፀሐይዋ ደግሞ አናቴን ታቃጥለኛለች።

፬ኛ. ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስደውል ስለተሰጠኝ መልስ አመሰግናለሁ። ከአደባባዩ መስኮትዎ ይታያል፤ መጋረጃው ሲነቃነቅ አይቻለሁ። ጸሐፊዎ ግን በሚያምር ድምፅ፣ "ክቡርነታቸው የሰማዩን ሁኔታ እየተከታተሉ ስለሆነ አይረበሹም" አለችኝ። "ልጄ፣ ሰማዩ እኮ እዚህ ነው፣ ወጣ ብለው ቢያዩትስ?" ብላት፣ "በኮምፒውተር ነው የሚያዩት" አለችኝና ዘጋችው።

ክቡር ሆይ፣ ሐቁን ልናገርና፣ እኔ እርስዎን አልፈርድብዎትም። ባይዘጉና አንድ ልጅ ውሃ ቢወስደው ዐቃቤ ሕጉ የሚጠራው እርስዎን መሆኑን አውቃለሁ፤ ዘግተው ፀሐይ ከወጣ ግን የሚጠራዎ የለም፣ የምትቃጠለው አንዲት አሮጊት አስተማሪ ብቻ ናት። ኤልፒዲዮም ልክ ነው፣ ኔሬዮም ልክ ነው፣ ጸሐፊዎም ታዝዛ ነው። ሁሉም ልክ በሆነበት ቦታ የምይዘው የምጨብጠው አጥቼ፣ የታሸገ ፖስታ በእጄ እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ።

አምስተኛው ምስጋናዬ የዶሚቲላ ነው፣ እርስዎን ግን ስለሚመለከት እዚሁ ላግባው። ልጅቷ ከደረጃው ተነሥታ እጅጌዬን ሳብ አደረገችኝና በጆሮዬ፣ "መምህር፣ ድልድዩን ብንሻገርስ? ማዶ እኮ ዝናቡ አልተፈረመበትም" አለችኝ። ማዶ ማለት ኮለፎንቴ ነው። አንድ የሮካሎንጋ ሰው ለሠርግም ለለቅሶም ቢሆን ሳይጨንቀው ወደ ኮለፎንቴ እንደማይሻገር እርስዎ አሳምረው ያውቃሉ፤ የእነሱን ደወል ስንሰማ ጆሯችንን ደፍነን ነው ያደግነው፤ እነሱም እኛን ጢስ በሎች ይሉናል። የዶሚቲላ አባት ሲኞር ሮኮ ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ ሆኖ፣ "የኔ ልጅ ኮለፎንቴ ሄዳ? ይህን ጉድ ከማይ ዓይኔ ይጥፋ!" ብሎ ጮኸ። ልጅቷ ግን መዝገበ ቃላቷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ "አባዬ፣ እንግዲያው በሩን አንተ ክፈትልና!" አለችው። አባቷ ቢላዋውን እንደያዘ ወደ ሥጋ ቤቱ ተመለሰ።

እናም ወረድን። ልጆቹ ተሰልፈው፣ ወይዘሮ ቴክላ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው፣ እኔም እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ፣ የሮካሎንጋ ወሰን ከሚያልቅበት ድልድይ ወዲያ አለፍን። የኮለፎንቴ ከንቲባ ወይዘሮ ሳቢና የሰማዩን ነገር የወሰኑት መስኮታቸውን ከፍተው በማየት ነው፤ ያልሠለጠነ አሠራር መሆኑ ይታወቃል። የመጣንበትን ስነግራቸው፣ "እናንተ እኮ ትገርማላችሁ! ኑ ግቡ፣ ልጆቹን ጠኔ ሳይጥላቸው" አሉና የወተት ማኅበሩን አዳራሽ አስከፈቱልን፤ ራሳቸው ወንበር እየተሸከሙ አመጡ። አይብ አይብ በሚሸት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ልጆቹ መዝገበ ቃላታቸውን ዘረጉ።

ፖስታውን ቀደድሁ። ጽሑፉን የመረጠው ፀሐይም ደመናም የማያውቅ ኮሚቴ ነው፣ ገና ከወራት በፊት፤ እኔም እስከዚያች ደቂቃ አላየሁትም። ጽሑፉ የሚለው እንዲህ ነው፦ በጥንቷ ሮም አንድ ሹም የሕዝብ ጉባኤ እንዳይደረግ ሲፈልግ መከራከርም ወታደር ማሰማራትም አያስፈልገውም ነበር፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ "ዛሬ ሰማይ እመለከታለሁ" ብሎ መላክ ይበቃው ነበር። በዚያ ቀን ምንም ነገር አይደረግም፤ ሰማዩ ላይ መብረቅ ይኑር አይኑር የሚጠይቅም የለም።

አንባቢ ሆይ፣ መጀመሪያ የገባት ዶሚቲላ ናት። ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ እርሳሷን ጣለችና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ቫሌሪያኖ፣ "ጉድ በሉ፣ የኛ ከንቲባ ናቸው!" ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፈታኝ ሆኜ ዝም ማሰኘት ነበረብኝ፤ እኔ ግን እየሳቅሁ አለቀስሁ፣ ወይዘሮ ቴክላም መሐረባቸውን አቀበሉኝ። ጥበብዎን እንኳን እኛ፣ የጥንት ሮማውያንም ያወቁልዎ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ የማበሥርዎ ደስ እያለኝ ነው።

ዶሚቲላ አሸነፈች። ከሰዓት በኋላ የጥያቄና መልሱን ጊዜ ሊያዩ የኮለፎንቴ ወላጆች አንድ ሁለት እያሉ ገብተው አዳራሹን ሞሉት፤ ልጆቻቸው ከየወንበሩ ሥር ሆነው መልስ ይንሾካሾኩ ነበር። ወይዘሮ ቴክላ ሲሄዱ እጄን ይዘው፣ "መምህር፣ ይህ ክፍል ሞቷል የሚል ሰው ካለ እኔ ጋ ይምጣ" አሉኝ። በዚያች ማታ ደስታ ምን እንደሆነ አወቅሁ። ደስታው ግን ከገና ብዙም አላለፈልኝም።

የቢሮው ውሳኔ በጥር መጀመሪያ ወጣ። የላቲን ክፍሉ አይዘጋም፤ ነፍስ አለው ተብሏል። ነገር ግን ተቆጣጣሪዋ ነፍሱን ያዩት ኮለፎንቴ ነው፤ ወላጆቹ የሞሉት ኮለፎንቴ ነው፤ ወይዘሮ ሳቢናም ባዶ የሆነውን የቀድሞ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸውን በነጻ እሰጣለሁ ብለዋል። ስለዚህ ክፍሉ ከመስከረም ጀምሮ ወደ ማዶ ይዛወራል። ያኔ ዶሚቲላ በየጠዋቱ በትምህርት ቤታችን በር ፊት ቆማ የኮለፎንቴን አውቶቡስ ትጠብቃለች። እኔ ጡረታዬ ስለደረሰ ወደዚያ አልመደብም። ዕድሜ ልኬን ያቀፍኩት ክፍል ድልድዩን ሲሻገር እኔ ወዲህ ማዶ ቆሜ አያለሁ፤ በእኔው እጅ ነው ያሻገርሁት፣ ሌላ መንገድ ግን አልነበረኝም። ሌሊቱን ሳስበው አድራለሁ፤ የቱ ጋ ምን ማድረግ እንደነበረብኝ ዛሬም አላገኘሁትም።

እኔ ቆሜ ይቺ ክፍል አትዘጋም ያሉኝን ቃል ግን ጠብቀዋል፤ በእርግጥም አልተዘጋችም። እርስዎም፣ ይመስገነው፣ እንደቆሙ ነዎት።

ለአንገትዎ ሙቅ ነገር እንዲያደርጉበት፣ መጋረጃዎንም አልፎ አልፎ ገለጥ እንዲያደርጉት በትሕትና እያሳሰብሁ፣ ሰማዩን ስለሚጠብቁልን ከማመስገን በቀር አንዳች ማድረግ የማልችል፣ ለታላቅ ወንድምዎም ሰላምታዬን እንዲያደርሱልኝ የምለምን፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ ነዋሪ
ኦርቴንሲያ ዲ ያኮቮ
እስከ ሰኔ ድረስ የሮካሎንጋ የላቲን መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የምጽፍልዎ ከክፍል ውስጥ ነው። ከማለዳው ጀምሮ የሰማይ ቧንቧ የተከፈተ ይመስል ይዘንባል፤ ጣራው ከመስኮቱ ወዲህ ያሉትን ወንበሮች እያጠበ ስለሆነ ኤልፒዲዮ ባልዲ አስቀምጦልናል፤ ልጆቹ ካፖርታቸውን ለብሰው ይጽፋሉ። ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው። ልጆቹን ወደ ቤት እንልካቸው እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደውዬ ነበር። ጸሐፊዎ በዚያው በሚያምር ድምፅ፣ "ክቡርነታቸው የሉም፤ ልጃቸውን ፊያሜታን ለላቲን ክፍል ሊያስመዘግቡ ኮለፎንቴ ወርደዋል" አለችኝ። እንኳን ደስ ያለዎ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ትወደዋለች። መዝገበ ቃላት ካልገዙላት ግን አይግዙ፤ የእኔን ትውሰደው፣ እኔ ከመስከረም ወዲያ ምንም አላደርግበትም።